የጄኔራሏ ቆርቆሮ

በካምፑ በር የሚያልፍ ሰው ሁሉ እናቴን ይወዳታል። እኔ ግን ልጇ ነኝ፤ የማውቃትም ከቤት ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ እነሱ የሚነግሯችሁን አይደለም።

ልብስ ሰፊ ናት። ከካምፑ ዋና በር ፊት ለፊት፣ በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መካከል፣ ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ በሆነች ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። አንድ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰው ራሱን ከወገቡ በላይ ብቻ የሚያይበት መስታወት አላት። መኮንን ከወገቡ በላይ ካማረ ይበቃዋል ትላለች። ዕጩ መኮንኖቹ «ጄኔራሏ» ብለው ስም አውጥተውላታል፤ አንዱን ኮሎኔል «ቀጥ በል እንጂ፣ ትከሻህ ተንጋዷል!» ብላ ስትቆጣውና እሱም ቀጥ ሲል በዓይናቸው ስላዩ ነው። ምላሷ ከምላጯ ይሰላል። አባቴ ከጄኔራሏ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተዋግቶ እጁን ሰጠና ወጣ፤ ሌላ ከተማ ሰላም አግኝቶ ይኖራል ይባላል።

ዋናው ሥራዋ ማዕረግ መስፋት ነው። በእኛ ጦር ኮከብ ከጨርቅ ይሠራል፣ በእጅ ትከሻ ላይ ይሰፋል። ሰው ሲሾም አሮጌው ኮከብ ይተረተራል፣ አዲሱ ይሰፋል። እናቴ የተመራቂዎችን የመጀመሪያ ኮከብ ሆን ብላ አላልታ ነበር የምትሰፋው። መርፌዋን አራርቃ ትወጋለች፣ ክሩን አትስበውም፤ ከጀርባው ሰው በማያየው በኩል በቀይ ክር አንዲት ቋጠሮ ታስርና «በቶሎ ይፈታ» ትላለች። ልጁም «አሜን» ይላል። ቶሎ ተሹመህ እንድታስፈታው ማለቷ ነው። ተሹሞ ሲመጣ ክሩን ሁለቴ ሳብ አድርጋ ትፈታዋለች። ከዚያ በኮከቡ ጀርባ የልጁን ክፍል በእስክሪብቶ ትጽፍና ክዳኑ ላይ አበባ ያለበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትጥለዋለች።

አንድ ሕግ ደግሞ አላት። የቀረ ሰው አይጠየቅም። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ዓመት አንዱን አሥር አለቃ «ያ ጓደኛህስ ወዴት ጠፋ?» አለችው። አሥር አለቃው ስፌቷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም ስለማንም ጠይቃ አታውቅም። የመጣ መጣ፣ ያልመጣ አልመጣም፤ እሷ መርፌዋን ትወጋለች። ይህን ሕግ በልጅነቴ ስሰማው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ካለ ቤት ያደገ ሰው ወታደር ቢሆን ምን ይገርማል? በአሥራ ስምንት ዓመቴ መኮንኖች ማሠልጠኛ ገባሁ። እናቴ አልከለከለችኝም፣ አልመረቀችኝምም። «ሱሪሽ ረዝሟል፣ አምጪው» ብቻ አለች።

በሦስተኛው ዓመት ዕጣችንን የሚወስን አንድ ቅጽ ይሰጠናል። አየር ወለድ፣ የተራራ ውጊያ፣ መገናኛና ሎጂስቲክስ ይላል። ሁሉንም በቅደም ተከተል ቁጠሩ ይባላል እንጂ የሚነበበው አንደኛው ምርጫ ብቻ እንደሆነ ወጥ ቤቶቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። በመረጥሽው ትሠለጥኛለሽ፣ በሠለጠንሽበት ትመደቢያለሽ፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። ቅጹ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል።

አሠልጣኛችን በድምፁ የተነሳ «ጉሮሮ» የምንለው ሻምበል ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ሜዳ ላይ አሰልፎን ጮኸብን።

«ስሙኝ! ሰርተፊኬት ስትለቅሙ እንዳላይ! የሹመት ቦርድ ፊት ስትቀርቡ አንድ ጥያቄ ነው የምትጠየቁት። ስንት ሰው መርተሃል? ስንት ሰው መርተሻል? በቃ! ቶሎ ሰው የሚያስመራችሁን ምረጡ። አየር ወለድ የገባ በዓመቱ ሠላሳ ሰው ይሰጠዋል። ግምጃ ቤት የገባ ሠላሳ ሺህ ካልሲ ይሰጠዋል። ካልሲ መምራት የሚፈልግ አለ?»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ ምክንያቱም አየር ወለድ ልቤ ውስጥ ነበር። ከመዝለያው ማማ ላይ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድሜ የዘለልኩት እኔ ነኝ፤ ከወንዶቹም ከግማሾቹ በፊት። ከላዬ አልጋ ላይ የምትተኛው፣ በቁመቷ የተነሳ «ቀጭኔ» የምንላት ጓደኛዬ ማታውኑ አየር ወለድ ብላ ጻፈች። እኔ ግን ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ቅጹን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። ምን አስኬደኝ? እስከ ዛሬ ራሴን የምረግምበት ነገር እሱ ነው።

ቅጹን አየችው። የሚሰፋውን ሱሪ ወደ ጎን ገፋች፣ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያ አወረደችና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ኮከቦቹን እየገለበጠች ከጀርባቸው ያለውን ጽሑፍ እያነበበች ለየቻቸው። የሎጂስቲክሱ ክምር እያደገ ሄደ፣ እያደገ ሄደ፤ ስልሳ አራት ሆነ። የአየር ወለዱ ሦስት።

«ቁጠሪ» አለችኝ። «እኔን አትመኚኝ። አንቺው ቁጠሪ። ቁጥር አይዋሽም።»

«እማዬ፣ ሻምበሉ እኮ ሰው የመራ ነው የሚሾመው አለን።»

«ጉሮሮ ነው ያለሽ? የጉሮሮን ኮከብ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ ሊያስፈታው አልመጣም። ራሱን ያላሾመ ሰው አንቺን ሊያሾም ነው?»

ሰውየው እውነትም ሻግቶ ነበር።

«እኔ ግን አየር ወለድ ነው የምፈልገው» አልኳት፤ ድምፄ አነሰ።

«አንቺ የምትፈልጊው መዝለል ነው። መዝለልና ማደግ አንድ ነው እንዴ? ለዕድገትሽ ነው የምልሽ። ለሌላ ለምን እላለሁ?» አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ይህቺን ቃል ያዙልኝ። ለዕድገትሽ ነው አለችኝ።

ዓርብ በአምስት ሰዓት ተኩል ሎጂስቲክስ ብዬ ጻፍኩ። ማንም እጄን አልያዘም። ግን ያ የጨርቅ ክምር ዓይኔ ላይ ነበር፤ ስልሳ አራት ሰው ተሳስቶ ነው እንዴ ብዬ አሰብኩ። ቀጭኔ ቅጼን በትከሻዬ አሾልቃ አይታ «አብደሻል?» አለች። «አንቺ ነሽ ያበድሽው» ብዬ መለስኩላት፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተነጋገርንም።

ስንመረቅ የሁለታችንንም ኮከብ የሰፋችው እናቴ ናት። ቀጭኔ ትከሻዋን ዝቅ ለማድረግ ወለል ላይ ተንበረከከች። እናቴ የሷን ስትሰፋ ከወትሮው ብዙ ቆየች፤ «በቶሎ ይፈታ» ስትልም ቀና ብላ አላየቻትም። የኔን ግን እየሳቀች ነበር የሰፋችው። «በቶሎ ይፈታ!» አለች ጮክ ብላ። «አሜን!» አልኩ እኔ ሞኟ።

ስምንት ዓመት አልተፈታም።

የተመደብኩበት ግምጃ ቤት ከእናቴ በር ሁለት መቶ እርምጃ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም አዳራሽ፣ እስከ ጣሪያው ጫማ፣ ቀበቶና ብርድ ልብስ። የአዲስ ጫማ ላስቲክ ሽታ ጸጉሬ ውስጥ ገብቶ ስታጠብም አይለቅም። በሥሬ አራት ሰው አለ፤ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ወገቡን የሚያመው፣ አንዱ ሁልጊዜ ፈቃድ ላይ፣ አራተኛው ደግሞ ከጫማው ክምር ጀርባ የሚተኛ። የበላዬ የሆነው ሻምበል ወንበሩ ላይ እንደ መዥገር ተጣብቋል፤ እሱ ካልተነሳ ለኔ ቦታ የለም፣ እሱም የሚነሳ አይመስልም። ዘንድሮ ጡረታ ይወጣል ሲባል ጸጉሩን ቀለም ይቀባል።

የሹመት ቦርድ ፊት ሁለት ጊዜ ቀረብኩ። ጉሮሮ እንዳለው አንድ ጥያቄ ነው።

«ስንት ሰው መርተሻል፣ መቶ አለቃ?»

«አራት።»

በሁለተኛው ጊዜ ከቦርዱ አንዱ «አሁንም አራት?» ብሎ ሊያጽናናኝ ፈገግ አለ። ፊቴ ላይ ቢተፋ ይሻለኝ ነበር።

ምሳ ሁልጊዜ እናቴ ጋ ነበር የምበላው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እየተነቋቆርን። «ሻምበልሽ ዛሬም አልሞተም?» ትለኛለች። «ያንቺ ቆርቆሮ ነው የገደለኝ» እላታለሁ። «ታገሺ፣ ስልሳ አራቱም ታግሠው ነው።» «ታግሠው ሳይሆን አርጅተው ነው!» በዚህ እንጀምርና የጨውና የበርበሬ ማነስ ውስጥ ገብተን እንወጣለን። በስምንት ዓመት ውስጥ ሳንጣላ የበላነውን ምሳ በአንድ እጄ ጣት እቆጥረዋለሁ። ግን አንድም ቀን አልቀረሁም። የት እሄዳለሁ? ሁለት መቶ እርምጃ ነው።

ቀጭኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትደውልልኝ ነበር። ሠላሳ ሰው ተሰጠኝ ስትለኝ ስልኩን ማንሳት አቆምኩ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልፈልግም።

በስምንተኛው ዓመት አንድ መኪና ሙሉ ጫማ አስረክቢ ተብዬ ወደ ዋናው መምሪያ ተላክሁ። በአውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ነው፤ በጭነት መኪና ቀን ተኩል። ከእኛ ካምፕ የሚወጣ አየር ወለድ ሁሉ የሚመደበው እዚያ ነው። ጫማውን አስረክቤ ደረሰኙን ለማስፈረም አንድ ኮሎኔል ፊት ቆሜ ሰላምታ ስሰጥ፣ ክንዴን ሳነሳ ትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር ተንጠለጠለ።

«መቶ አለቃ» አለ ኮሎኔሉ እየፈረመ፣ «ኮከብሽ ሰልችቶት ጥሎሽ ሊሄድ ነው።»

በክፍሉ ያለው ሁሉ ሳቀ። ለሁለት ዓመት የተሰፋች ስፌት ስምንት ዓመት ስትሸከም ክሯ አልቆ ኖሯል። ኮከቤን በእጄ ይዤ፣ በሩ አጠገብ ካለው ልብስ ሰፊ ቤት ገባሁ።

ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን በሲባጎ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ኮከቡን ተቀብሎ ገለበጠና ሳቀ።

«አሃ! የዚያች ሴትዮ እጅ!»

«አባባ፣ ያውቋታል?»

«በዓይኔ አይቻት አላውቅም፣ ልጄ። እጇን ግን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። ከእናንተ ካምፕ የሚመጣ አየር ወለድ ሁሉ ይህቺን ቀይ ቋጠሮ ይዞ ነው የሚመጣው። ምላጭም አያስፈልገኝ፤ ሳብ ሳደርገው ይመጣል። አላልታ የምትሰፋው ምን ሆና ነው?»

«ቶሎ እንዲሾሙ ነው» አልኩ። «እርስዎ የሚፈቱት… ሲሾሙ ነው?»

«ታዲያ ሌላ ምን ሲሆኑ ይፈታል?»

ከጠረጴዛው ሥር ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ አወጣ። እስከ አፉ ኮከብ ነው። እያንዳንዱን ገልብጬ አየሁ፤ ከየጀርባው ቀይ ቋጠሮ፣ ቀይ ቋጠሮ፣ ቀይ ቋጠሮ። ሽማግሌው «እንዲህ ያለ ቋጠሮ መጣል አልወድም» አለኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ሁለት።

«ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ረጅም ልጅ ሻምበል ሆና መጣች» አለ። «ትከሻዋ ላይ ለመድረስ በርጩማ ላይ ቆምኩ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ሎጂስቲክስ የገባ እድሜውን ሙሉ ከእናቴ በር አይርቅም፤ ሲሾም እሷው ጋ ይመጣል። አንዱ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከመቶ አለቃ እስከ ኮሎኔል ሦስትና አራት ኮከብ ጥሎላታል፤ ስልሳ አራቱ ኮከብ ሃያ ሰው አይሞላም። አየር ወለዱ ግን በር ወጥቶ ይሄዳል፣ እዚህ ይሾማል፣ እዚህ ያስፈታል። ሻምበሉ ሜዳ ላይ ጮኾ የነገረኝን እውነት ትቼ ሕይወቴን የሠራሁት በአንዲት ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ በታየ ነገር ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ኮከቦቹን ለሴትዮዋ ልውሰዳቸው ስለው «ውሰጂ፣ የባለቤቷ ናቸው» አለኝ። ከዚያ ስወጣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ መመለስ የለም ይባል የነበረው ቀርቶ፣ ወደ አየር ወለድ መዛወር የሚፈልጉ መቶ አለቆች መመዝገብ እንደሚችሉ የሚገልጽ ወረቀት አየሁ። ዕድሜ ከሠላሳ በታች ይላል። ሠላሳ ልሞላ አራት ወር ቀርቶኝ ነበር። ቅጹን ወሰድኩ። ቀን ተኩል ሙሉ በዚያ የጭነት መኪና ውስጥ ለእናቴ የምናገረውን ስመርጥ መጣሁ። ደሜ ፈልቶ ነበር። ከኔ አንድ ቃል እንዳይቀር ፈለግሁ።

በምሳ ሰዓት ገባሁ። አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ ጃኬት ትለካ ነበር። ሰላም አላልኳትም። ከረጢቱን ከፍቼ መቶ አሥራ ሁለቱንም ኮከብ በምትሰፋው ጨርቅ ላይ ዘረገፍኩት።

«ቁጠሪ!» አልኩ። «ቁጥር አይዋሽም አላልሽም? ቁጠሪያ!»

አንዱን አንስታ ገለበጠችው። ሌላውን አነሳች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መርፌ መሰኪያዋ ላይ ሰካች።

«ይሄ የኔ ቋጠሮ ነው።»

«አዎ ያንቺ ነው! ሁሉም ያንቺ ነው! አየር ወለዶች ናቸው። ሦስት ናቸው አላልሽም?»

«ማን ፈታቸው?»

«የዋናው መምሪያ ልብስ ሰፊ!»

«ለምን ፈታቸው?»

«ተሾሙ እኮ ነው የምልሽ! ለምን ይፈታል ታዲያ? መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተሹሟል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያንቺን ቆርቆሮ አምኜ ጫማ ስቆጥር ያረጀሁት!»

አልሰማችኝም። እጇ ኮከቦቹ መሐል ይርመሰመስ ነበር፤ ሁሉንም መንካት የፈለገች ይመስል። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«በሕይወት አሉ?» አለች።

ሠላሳ ጥያቄና አርባ ስድብ ይዤ ነበር የገባሁት። ይህ ጥያቄ ግን ከመካከላቸው አልነበረም።

«ያ ጥርሰ ፍንጭቱ ልጅ… ያ መንታው… እነዚያ አራቱ አብረው የመጡት… እነዚህ ሁሉ አሉ? ሳይሞቱ?»

የቀረ ሰው አይጠየቅም። እናቴ ወደ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከበሩ ወጥቶ ያልተመለሰውን ሁሉ በሆዷ ቀብራዋለች። አንድም ሰው ሳትጠይቅ፣ አንድም ሰው ሳይነግራት፣ ላልሞተ ሰው ስታለቅስ ኖራለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ካምፑ ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አታውቅም ነበር። ቆርቆሮውንም የቆጠረችው ማን እንደተሾመ ለማወቅ አልነበረም። ማን እንደተመለሰ ነበር የምትቆጥረው።

ላዝንላት ይገባ ነበር። አላዘንኩም። ይልቅ የባሰ አንጀቴ አረረ።

«ስለዚህ ለዕድገትሽ ያልሽኝ ውሸት ነው» አልኳት።

«ውሸት ነው።»

«ዓይን ዓይኔን እያየሽ!»

«ሌላ ምን ላድርግ? እንዳትሞቺብኝ ብልሽ ትሰሚኝ ነበር? ስቀሽብኝ ትሄጂ ነበር።»

«ስምንት ዓመት ነው የበላሽብኝ፣ እማዬ! ስምንት ዓመት!»

«ስምንት ዓመት ምሳሽን እዚህ በልተሻል» አለች። «አልጸጸትም። ብትፈልጊ ጩኺ።»

ጮህኩ። ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን አቁሞ እስኪያዳምጥ፣ ፎቶ ቤቱ በሩን እስኪከፍት ጮህኩ። ሲበቃኝ ቅጹን አውጥቼ ኮከቦቹ ላይ አስቀመጥኩት። «ዓርብ አስገባዋለሁ። ዘንድሮ ቆርቆሮ አልቆጥርም» ብያት ወጣሁ። ምሳውን ሳልነካ የወጣሁት የመጀመሪያ ቀኔ ነው።

ቅጹን አስገባሁ፣ ተቀበሉኝ። ሁለት ወር አልተነጋገርንም። በበሯ ሳልፍ አንገቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ፤ እሷም መኪናዋን ድምፁ እስከ ግምጃ ቤት እንዲሰማ ትረግጠዋለች። ግን አንድ ነገር ሰማሁ። ከበር ጠባቂዎቹ አንዱ «ጄኔራሏ ምን ሆና ነው? የመጣውን መኮንን ሁሉ እየያዘች እገሌስ፣ እገሌስ ትላለች» አለኝ። አንዱን ሻለቃ ግማሽ ሰዓት አስቁማ የአሥራ አምስት ሰው ስም ጠይቃዋለች። ሁለቱ ሞተዋል አላት። አሥራ ሦስቱ አሉ።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ሰው ላከችብኝ። መልእክቱ ሁለት ቃል ነው፦ «ጃኬቷን ታምጣ።»

ኮከቤ ከዋናው መምሪያ እንደመጣሁ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር፤ በንዴቴ ሽማግሌው ሳይሰፋልኝ ነበር የወጣሁት። ወሰድኩላት። ተቀመጪ አላለችኝም። ከጫማ ጠጋኙ በሰም የታሸ ክር ተውሳ ኖሯል፤ በወፍራም መርፌ ድርብ አድርጋ ሰካችና መስፋት ጀመረች። አጠጋግታ ትወጋለች፣ ክሩን ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ትስበዋለች፤ ደግማ በዚያው ላይ ትመለስበታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው? አላልታ አድርጊው እንጂ!»

«ዝም በይ፤ መርፌ ይዣለሁ።»

«ለሰው ሁሉ አላልተሽ እየሰፋሽ ለኔ ታጠብቂያለሽ?»

«ዝም በይ አልኩሽ።»

ጨርሳ እንደ ወትሮዋ ከጀርባው ቀይዋን ቋጠሮ አሰረች፣ በጥርሷ ክሩን በጠሰችና ጃኬቱን ወረወረችልኝ። ቆሜ ጠበቅሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነፈገቻትን ቃል ጠበቅሁ። በቶሎ ይፈታ አላለችም። ወደ መኪናዋ ዞራ ሌላ ሱሪ አነሳች። እንዳላድግ ተበቀለችኝ ብዬ ወጣሁ፤ እናት አይደለችም አልኩ በልቤ። አውቶቡሱ ውስጥ እንደገና አልኩት።

ሁለት ዓመት ዘለልኩ። ከእኔ በስምንት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ጭቃ ውስጥ ተንከባለልኩ፤ «እማማ ግምጃ ቤት» ብለው ሲያበሽቁኝ ከርመው በኋላ ዝም አሉ። ሠላሳ ሁለት ሰው ተሰጠኝ፣ መራኋቸው፣ ሁሉንም መልሼ አመጣኋቸው። ለቀጭኔ ደወልኩ፤ ይቅርታ ስላት «አብደሽ ነበር» ብላ ሳቀችብኝ። ቦርዱ ፊት ስቀርብ ስንት ሰው መርተሻል አሉኝ። «ሠላሳ ሁለት» ስል ጆሮዬ ራሱ ደስ አለው። ሻምበል ሆንኩ። የሹመት ሥነ ሥርዓቱ ሰኞ ጠዋት ነው ተባለ።

ቅዳሜ ከሽማግሌው ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ኮከቡን ሳብ አደረገው፣ አልመጣም። ምላጭ አነሳ። ሁለት ምላጭ ተሰበረ። በሦስተኛው ጣቱን ቆረጠና ጃኬቱን ገፋው።

«ይሄ የልብስ ክር አይደለም፤ የጫማ ክር ነው። ጨርቁ ካልተቀደደ አይወጣም» አለ። ከዚያ ገልብጦ በመነጽሩ ከጀርባው አየና ቀይዋን ቋጠሮ በጣቱ ነካት። «ይህቺ ሴትዮ እኔ እንዳልፈታው አድርጋ ነው የሰፋችው፣ ልጄ። መፈቻውን እሷ ታውቀው እንደሆነ እንጂ እኔ አልነካውም። አሥራ አንድ ሰዓት ነው አይደል መንገዱ?»

በሩ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ሰደብኳት። ጃኬቱን መቅደድ እችል ነበር። አዲስ ጃኬት ከግምጃ ቤት ማስወጣትም እችል ነበር፤ እኔን ስለ ግምጃ ቤት ማን ይነግረኛል? ሁለቱንም አላደረግሁም። እየተነጫነጭኩ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጥኩ።

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ደረስኩ። በሩ ክፍት ነው። አግዳሚው ላይ ክዳን የተደፋበት ሳህን ተቀምጧል። ቀና አላለችም።

«ዘገየሽ» አለች።

ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ሽማግሌውን ሦስት ምላጭና አንድ ጣት አስከፍለሽዋል! ነገ ጠዋት ሥነ ሥርዓት አለብኝ፤ ለአንዲት ኮከብ ሃያ ሁለት ሰዓት መንገድ!»

ጃኬቱን ገልብጣ ቀይዋን ቋጠሮ በጥፍሯ ፈለገች፣ አንዲት ጫፍ ይዛ ወደ ጎን መዘዘች። ድርብ የጫማ ክር፣ ደርዝ በደርዝ ላይ፣ እንደ ውሃ ተፈታ። ኮከቡን በመዳፏ ላይ አድርጋ ጥቂት አየችው። ከጀርባው «አየር ወለድ» ብላ ጻፈችና ቆርቆሮው ውስጥ ጣለችው። ከዚያ አዲሱን አነሳች፣ ከመሳቢያዋም ያንኑ በሰም የታሸ ክር አወጣች።

«እማዬ» አልኩ፣ «ይሄኛውን እንኳ አላልተሽ ስፊው።»

«ዝም በይ፤ መርፌ ይዣለሁ» አለች። «ምሳሽ ቀዘቀዘ።»

ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ጨው አንሶታል። ነገርኳት።